ቢጫ የተቀባው ሜዳ

ማክሰኞ ጠዋት አልቃሿ የብርጓል ሜዳውን ልትጠርግ መጥረጊያና መንሽ ይዛ ስትወጣ ሜዳው ላይ ችካል ተተክሎ አገኘች። አንድ ሁለት አይደለም። ከባሕር ዛፉ ጥግ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ በየአሥር እርምጃው አንድ ችካል፣ ከችካል ችካል የተወጠረ ነጭ ሲባጎ።

"ማነው ደሞ እዚህ በግ የሚያስር?" አለች መጀመሪያ።

የበግ ችካል አልነበረም። ራስ ራሱ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ከቀለሙ በታች ቁጥር ተጽፎበታል፤ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። መንሿን ተደግፋ ቆመች።

እሑድ የባሏ የአወቀ ለቅሶ ነው። አወቀ የሞተው ነሐሴ ላይ፣ መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ነበር። ጎረቤትና ሁለት ቄሶች ብቻ ቀበሩት። ደብረ ኤልያስ ያለው ወንድሙ አልደረሰም፤ ቁይ ያለችው እኅቱ መርዶውን የሰማችው በወሩ ነው። አርባውም ሰው ሳይሟላ አለፈ። ቀብሩ አለቀ እንጂ ሞቱ አላለቀም። ኅዳር ገብቶ መኪና መመላለስ ሲጀምር ዘመድ ተላልኮ ቀን ቆረጠ፤ እሑድ፣ በሜዳው።

ግራር አፋፍ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች መንደር ናት። ገጠር ነበረች፤ ከተማው ሲሰፋ ካለችበት ሳትነቃነቅ ከተማ ሆነች። ሜዳው የመንደሩ የለቅሶ ሜዳ ነው። ስም የለውም። ሰው "እማዶ" ብሎ ያልፈዋል እንጂ በግብሩ አይጠራውም፤ ሞትን በስሙ ደጋግሞ መጥራት ለማንም አይበጅ። አይታረስም፤ አይታጠርም፤ ዛፍ አይተከልበትም። ሰው ሲሞት ብቻ ይሞላል። ለቀስተኛው ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ የቅርብ ዘመድ የሟቹን በርኖስ ይዞ በክቡ ውስጥ ይዞራል፤ አልቃሿ መሀል ቆማ ግጥም ታወጣለች፤ ሰው ይቀበላታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሀል የቆመችው የብርጓል ናት። ማንም አላስተማራትም። የመጀመሪያ ልጇን የቀበረች ዕለት ግጥሙ ካፏ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የግራር አፋፍን ሬሳ ሁሉ እሷ ናት ያለቀሰችው። የራሷን ባል ግን ገና አላለቀሰችም።

"እትዬ! አየሽልኝ?"

ዘወር ስትል አንተነህ ነው። የአወቀ የሟች ወንድሙ ልጅ ነው፤ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሷና አወቀ ናቸው። አሁን ከተማ አናጢ ሆኖ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል።

"ምኑን ልይልህ?"

"አሥራ ሰባት ቁጥርን። ማዕዘን ናት እኮ! ዕጣው ሲወጣ የማኅበሩ ሰው በሙሉ ቀናብኝ።"

"የምን ማኅበር? እዚህ ማን ሊሠራ ነው?"

"የቤት ማኅበራችን ነዋ። ሃያ አራት ነን። ሰኞ ርክክብ ነው።"

"አንተ፣ ይኸ እማዶ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅህ ነው?"

"እትዬ፣ እኔ ነኝ ቦታውን የመረጥሁት? ከተማው ሰጠን፤ በፕላኑ መኖሪያ ነው አሉን። እሑድ ለቅሷችሁን አልቅሱ፤ ሲባጎውን እኔው እጠቀልልላችኋለሁ።"

"ለቅሷችሁን?"

አንገቱን ደፋ። "ለቅሷችንን።"

"ከእሑድ በኋላስ? ሌላ ሰው ሲሞት?"

"ያን ጊዜማ ድንኳን ይተከላላ። የከተማ ሰው ሁሉ በድንኳን አይደል የሚያለቅሰው?"

"ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ካርታ እየተጫወተ ነው የሚያለቅሰው?" አለችና መጥረጊያዋን አንሥታ ተመለሰች።

ረቡዕ ከተማ ወረደች። የመሬት ጉዳይ ቢሮው በር ላይ ዘበኛው ቦርሳዋን ፈትሾ፣ "ምን ጉዳይ ነው?" አላት።

"የሜዳ።"

"የሜዳ ጉዳይ መስኮት አንድ።"

መስኮት አንድ ያለው ሰውዬ ካርታ አምጪ አላት። ካርታ የለውም፣ ሜዳ ነው አለችው። "ካርታ የሌለው ሰነድ አልባ ነው፤ መስኮት አራት" አላት። መስኮት አራት፣ "ሰነድ አልባ የምንለው ቤት ሲኖረው ነው፤ ቤት አለው?" አላት። የለውም። "ታዲያ ባዶ ቦታ ነው፤ ባዶ ቦታ መሬት ባንክ።" መሬት ባንክ የሚባለው አንድ በር ነው፤ ተቆልፏል። በሩ ሥር ተቀምጣ እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቀች። ከምሳ መልስ ቁልፍ የያዘ ሰው መጥቶ ከፈተና ችግሯን ቆሞ ሰማት። "እናቴ፣ እሱ እኮ ከባንክ ወጥቷል፤ ለማኅበር ተሰጥቷል። ቅሬታ ካለዎት ፕላን ክፍል ነው፤ ፎቅ" አላት። ፎቁን ወጣች። ቀኑን ሙሉ ለቅሶ ቆማ እንዲህ ደክሟት አያውቅም።

ፕላን ክፍል ትሕትና የምትባል ወጣት ባለሙያ አገኘች። ልጅቱ ወንበር ሰጠቻት። ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ሲሰጣት የመጀመሪያው ነው፤ በዚህ ብቻ እንባዋ መጣ።

ግድግዳውን የሞላ ካርታ ተሰቅሏል። ከተማው እንደ ሰንበቴ መሶብ ቀለም በቀለም ሆኗል።

"ይኸ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ነው" አለች ትሕትና። "ቢጫው መኖሪያ ነው። ቀዩ ንግድ፤ ወይን ጠጁ ፋብሪካ። ሰማያዊው አገልግሎት ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለው። አረንጓዴው ፓርክና ደን። እያንዳንዱ ቦታ ከነዚህ አንዱ መሆን አለበት። ቢጫ ላይ ፋብሪካ አይተከልም፤ አረንጓዴ ላይ ቤት አይሠራም።"

"ደግ ሕግ ነው። እማዶስ የት ነው?"

የልጅቱ ጣት ካርታው ላይ ሄዶ አንዲት ቢጫ ቁራሽ ላይ ቆመ።

"ቢጫ አይደለም" አለች የብርጓል። "እኛ እዚያ እናለቅሳለን እንጂ አንኖርበትም።"

"መቃብር አለበት?"

"መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ነው።"

"ገበያ ይቆምበታል? ኳስ ይጫወቱበታል?"

"ኧረ በስመ አብ!"

"ቅርስ ነው? ሐውልት፣ አሮጌ ግንብ፣ የሆነ ነገር?"

"ምንም የለውም። ምንም የሌለው እኮ ምንም እንዳይደረግበት ስለጠበቅነው ነው፤ አባቶቻችን፣ እኛም።"

ትሕትና እስክርቢቶዋን አገጯ ላይ አድርጋ ካርታውን አየች። "እናቴ፣ አይቆጡኝና፣ 'ምንም የለውም'ን በምን ቀለም ልቀባው?"

የብርጓልን ያናደዳት ይኸው ነው። ልጅቱ ክፉ ብትሆን ትረግማት ነበር፤ ክፉ አይደለችም። ቀለሞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ብሎኬት መሸጫ እንኳ ቀለም አለው።

"ለምን ቀድማችሁ አልጠየቃችሁንም?" አለች በመጨረሻ።

"ተጠይቃችኋል።" ትሕትና መደርደሪያው ላይ ፈልጋ ፋይል አወረደች። "ከአራት ዓመት በፊት ቀያሾች መጥተው ነበር። ቃለ ጉባኤው ይኸው።" አነበበችላት። "በተለምዶ 'እማዶ' ተብሎ የሚጠራው ቦታ በአሁኑ ወቅት ምንም ዓይነት አገልግሎት እንደማይሰጥ ከእድሩ ሰብሳቢ ተረጋግጧል።"

ከሥሩ የእድሩ ማኅተም አለ። ከማኅተሙ ጎን ፊርማ አለ፤ የ"አ" እግሯ እንደ ከዘራ ወደ ታች ረዝሟል። የአወቀ ፊርማ ነው፤ ያን ጊዜ የእድሩ ሰብሳቢ እሱ ነበር።

የብርጓል ፊርማውን በጣቷ ነካችው። ቀኑ ትዝ አላት። ከማንም የበለጠ ትዝ የሚላት እሷ ናት።

ጥር ነበር። ቀያሾቹ ሦስት ቀን በመንደሩ ሲለኩ ሰንብተው በመጨረሻው ቀን ቤቷ ምሳ በሉ። ከመካከላቸው አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷ ገፍቶ ከመሶቡ አያስጠጋትም። ያቺው ልጅ እጇን ታጥባ ደብተሯን አወጣችና፣ "አባቴ፣ ያ ማዶ ያለው ሜዳ ምን ይሠራበታል?" አለች። አወቀ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ የብርጓል በመሶቡ ሥር እግሩን ረገጠችው። በነፍሰ ጡር ፊት የለቅሶ ነገር ይነሳል? አወቀ ገባው። "እሱ... ኧረ ምንም። ዝም ብሎ ባዶ ነው፤ ይልቅ ወጥ ጨምሩላት" አለ። ልጅቱ ጻፈች። ከደብተሩ ሥር ፈርም አሉት፤ ፈረመ፤ የእድሩን ማኅተምም መታ። እንግዶቹ ሲወጡ፣ "ደግ አረግሽ፤ አፌ ሊያመልጠኝ ነበር" አላት። ሁለቱም ጨዋ በመሆናቸው ደስ ብሏቸው ዋሉ።

"አሁን ምን ይሻላል?" አለች።

ትሕትና አስረዳቻት። የቅሬታ ጊዜው ዓርብ በሥራ መውጫ ሰዓት ያበቃል። እስከዚያ ቅሬታ ካልገባ ሰኞ ርክክብ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ፕላኑ የሚከለሰው በአሥር ዓመቱ ነው። ቅሬታ ከገባ ኮሚቴው አይቶ እስኪወስን ቦታው ይታገዳል።

"ይታገዳል ማለት?"

"ማንም አይገባበትም። ማኅበሩም አይሠራበትም፤ እናንተም..." የእሑዱን ለቅሶ የብርጓል ስትገባ ነግራታለች። "እናንተም አትሰበሰቡበትም። አመልካቹ ራሱ እግዱን ከጣሰ ቅሬታው ውድቅ ይሆናል።"

"ለስንት ቀን?"

"ሠላሳ የሥራ ቀን። አንዳንዴም ይበልጣል።"

የብርጓል ነጠላዋን አጠበቀች። "ልጄ፣ በይ እስቲ ልድገመው። ባሌን እሑድ በሜዳው ካለቀስሁ ሜዳው ይሄዳል። ሜዳው እንዳይሄድ ካመለከትሁ ባሌን በሜዳው አላለቅስም።"

ትሕትና ካርታውን አየች። "አዎ፤ እንደዚያ ነው።"

ሐሙስ ወደ እድሩ አዲስ ሰብሳቢ፣ ወደ ይስማው ሄደች። ደጁ ላይ ቀንበር እየጠረበ አገኘችው።

"የብርጓል፣ እኔ ምን ልበል" አላት። "ሁለቱ ልጆቼ ከሃያ አራቱ ውስጥ ናቸው።"

"አንተስ? አንተን የት እናልቅስህ?"

"እኔ ከሞትሁ ወዲያ ምን አያለሁ?"

"ዘመድህ ያያል።"

"እንግዲያው አልሞትም፤ ፕላኑ እስኪከለስ እታገሣለሁ።" ሳቀና ሳቁ ብቻውን ሲቀር መጥረቢያውን አስቀመጠ። "ስሚኝ። አንቺ እሑድ አወቀን በወጉ አልቅሺው። ነሐሴ ላይ እንደ ድመት ቀበርነው፤ እኔም ያንገበግበኛል። ባልሽን አክብሪ። የቀረውን ለእግዜር ተይ።"

ክፉ ምክር አልነበረም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ልቧ ይኸንኑ ይል ነበር፤ አወቀን አልቅሺ፣ የቀረውን ተይ። ደጇ ላይ አንተነህ ተቀምጧል። ወሬው ደርሶታል።

"እትዬ፣ እግድ ልታስወጪ ነው አሉኝ።"

"ገና አልቆረጥሁም።"

"ስምንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ስምንት! ትልቋ ልጄ የምትተኛው መደርደሪያ በሚያህል አልጋ ላይ ነው፤ እግሯ በር ይነካል። ይኸ ቦታ ከታገደ ሌላ የለም አሉን።"

"ቤት አትሥራ አላልሁህም።"

"አልሽኝ እንጂ! አሁን እያልሽኝ ነው!" ተነሣ። "ለሞተ ሰው መቆሚያ ስትፈልጊ በሕይወት ያለውን መንገድ ላይ እያስቀረሽው ነው። አጎቴ ቢኖር እንዲህ ያደርገኝ ነበር?"

እውነቱን ነው። አወቀ ቢኖር የራሱን ማሳ ቆርሶ ይሰጠው ነበር፤ ማሳው ግን ካምና ጀምሮ ካርታው ላይ ቀይ ሆኗል።

አንተነህ ከሄደ በኋላ ጎረቤቷ ወለተ ኪዳን ምርኩዟን እየጎተተች መጣች። ሰማንያ አልፏታል፤ ጆሮዋ ግን የመንደሩን ወሬ ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል።

"ሰኞ ይረከባሉ የሚሉት እውነት ነው?"

"ካላመለከትሁ እውነት ነው።"

አሮጊቷ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። "እናቴን እዚያ አለቀስሁ። ባሌንም። አራት ልጆቼንም እዚያ። አንቺ ነሽ ያወጣሽልኝ።" ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። "እኔንስ? ከሰኞ በፊት ልሙትልሽ እንዴ?"

ቀልዷን ነበር፤ ጥርስ የሌለው አፏ እየሳቀ ነው። የብርጓል ግን አልሳቀችም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትሕትና ፊት ተቀመጠች። ልጅቱ ቅጹን እየጠየቀች ሞላችላት። የአመልካች ስም፣ የቦታው ልዩ መጠሪያ፣ አሁን የሚሰጠው አገልግሎት። "የሐዘን ሥነ ሥርዓት" ብላ ጻፈች። ወደ መጨረሻው ደረሰች።

"በቀድሞው መረጃ ላይ ለተፈጠረው ስሕተት ምክንያት። እዚህ ላይ ሰብሳቢው የተሳሳተ መረጃ ሰጥተዋል ልበል?"

"አትበይ!"

"ግን እናቴ፣ የፈረሙት እሳቸው ናቸው።"

"አወቀ በሕይወቱ ውሸት ተናግሮ አያውቅም። ሰው ከሞተ በኋላ ውሸታም አይባልም፤ ያውም ሊለቀስለት ሁለት ቀን ሲቀረው!"

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ሚስቱ እግሩን ረገጠችው በይ።"

ትሕትና ሳቅ አመለጣት። የብርጓልን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠች። የብርጓል ከአራት ዓመት ወዲህ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት፤ ነፍሰ ጡሯን፣ መሶቡን፣ "ወጥ ጨምሩላት" ያለውን።

"እንዲህ ተብሎ አይጻፍም" አለች ትሕትና በቀስታ።

"የሆነው እንዲህ ነው።"

ልጅቱ ብዙ አሰበች። ከዚያ እያነበበች ጻፈች፤ "መረጃው በተሰበሰበበት ወቅት በነበረ ባህላዊ ይሉኝታ ምክንያት የቦታው አገልግሎት ሳይገለጽ ቀርቷል። ለዚህም አመልካቿ ራሷ ኃላፊነቱን ትወስዳለች።"

"አሁን ልክ ነው።"

"ይሰጣችኋል ብዬ ቃል አልገባም። ብዙዎቹ ውድቅ ይሆናሉ፤ ይኸን አይነት ደግሞ አይቼ አላውቅም።"

"አውቃለሁ" አለችና ፈረመች። ነጠላዋን አስተካክላ ደረጃውን ወረደች።

እሑድ ረፋዱ ላይ የደብረ ኤልያስ ዘመድ በአይሱዙ መጣ። የቁዮቹ ቀድመው ደርሰዋል። ሁሉም ወደ ሜዳው ሲያቀና ሲባጎው ሥር የተቀመጠ ደንብ አስከባሪ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ሰውየው ራሱ አፍሯል፤ ኮፍያውን አውልቆ ነው የሚከለክለው።

የአወቀ ታላቅ ወንድም አምሳሉ ጮኸ። "ሜዳው ያውና! ወንድሜን በአጥር ሥር ነው የማለቅሰው?"

"አያ አምሳሉ፣ እኔ ነኝ ያሳገድሁት" አለች የብርጓል።

"አንቺ? ምነው፣ ምን በደለሽ?"

በሰው ሁሉ ፊት ነገረችው። ችካሉን ነገረችው፤ የአወቀን እግር እንዴት እንደረገጠችው ነገረችው። ይስማው መሬት መሬት አየ። "አወቀ ነፍሰ ጡር ፊት አፉ ሊያመልጠው ነበር?" አለ አምሳሉ፤ ለቅሶም ሳቅም የመሰለ ነገር ከጉሮሮው ወጣ። "ከልጅነቱም አፈ ፈጣን ነበር።"

ለቅሶው በየብርጓል ደጅ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ሆነ። መንገዱ ሁለት ጭነት አህያ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ክብ መሥራት አልተቻለም፤ ሰው በሁለት ረድፍ አጥር ተደግፎ፣ ወረፋ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ቆመ። ከኋላ ያሉት ከፊት ያሉትን አያዩም፤ የቁይዋ እኅት የምትቀበለው ግጥሙ ካለፈ በኋላ ነው። የብርጓል መሀል የምትለው ቦታ አጣች። ድምፅዋን ብታወጣ የባሕር ዛፉ አጥር ይመልሰዋል። ሠላሳ ዓመት ለሰው ሁሉ አልቅሳ ለገዛ ባሏ እንዲህ ተሰንጋ!

አንተነህ ይመጣል ብላ አልጠበቀችም። መጣ። ሰላም አላላትም። በሯ ላይ የተሰቀለውን የአወቀን በርኖስ አወረደ፤ ትከሻው ላይ አደረገ፤ በሁለቱ ረድፍ መካከል ገባ። የሚዞርበት ስለሌለ ወደ ላይ ሄዶ ተመለሰ፤ ወደ ታች ሄዶ ተመለሰ። ባለፈ ቁጥር የበርኖሱ ጫፍ የሰዎቹን ደረት ይነካ ነበር፤ የነካው ሁሉ አለቀሰ። ያን ጊዜ የብርጓል አፏ ተፈታ፤

ደጁ ሰፊ ነበር ለመጣው እንግዳ፣
ለሱ ለቅሶ ጠፋ አንድ ክንድ ሜዳ።

ሁለቱም ረድፍ ባንድ ድምፅ ተቀበላት። ደንብ አስከባሪው ፊቱን አዞረ።

ሰው እጁን ታጥቦ ምግብ ሲቀርብ አንተነህ ወደ እሷ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ በርኖሱ ገና ትከሻው ላይ ነው።

"እኔም ቅሬታ አስገባለሁ" አላት። "በአንቺ ላይ። ነገ።"

"አስገባ፤ መብትህ ነው" አለችው። "ነገ ግን አትልፋ፤ ሰኞ ስብሰባ ናቸው። ማክሰኞ ሂድ። ታች ያሉት እንዳያንከራትቱህ፣ በቀጥታ ፎቅ ውጣ። ልጅቱ ደግ ናት፤ ጠይቃ ነው የምትጽፈው። የልጅህን አልጋ ንገራት፤ እግሯ በር እንደሚነካ ንገራት።"

በርኖሱን ከትከሻው ላይ አንሥታ ክንዷ ላይ አጠፈችው።

"በል ግባ፤ ከአጎትህ ዘመዶች ጋር ብላ" አለችው።